የእርምጃ ሒሳብ

ከሳቢያን መነሻ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ጥላ፣
ሚኒባሱ ቆሟል፤ አይሄድም ካልሞላ።
ረዳቱ ይጮኻል፣ "አንድ ሰው! በከዚራ!"
አንዱ ሰው ሲገባ፣ ሌላ አንድ ሊጣራ።

አባዬ በመስኮት፣
በዚህ ሙቀት ኮት፣
ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ፣
"ስንት ሰዓት ይነሳል?" አለ፣ የእጅ ሰዓቱን አይቶ።
"ሲሞላ ነው፣ አባባ።"
"ሲሞላ?" አለና ወደ እኔ ዞረ፤
ሠላሳ አራት ዓመት በደቂቃ የኖረ፣
ፊሽካ ሳይነፋ ንቅንቅ የማይል ሰው፣
"ሲሞላ" የሚባለውን ሰዓት
ከሰዓቱ ፊት ላይ ቢፈልገው አጣው።

በሩ በሦስተኛው ተዘጋ።
የማንጎ ማዳበሪያ እግሬ ላይ ተዘረጋ፣
የማላውቀው ሕፃን ጭኔ ላይ ተቀመጠ።
እናቱ ይቅርታ አላለችም፤ እኔም አልጠበቅሁ።
ድሬ ነው፤
ጭን ያለው ያስቀምጣል።

ከዚራ ወርደን ባጃጅ ያዝን። ነጂብ ይባላል ልጁ።
"የት ልውሰዳችሁ?"
"ደቻቱ ዳር፣ ከሐዲዱ ሥር፣ ዋሻው ጋ።"
"አቦ፣ እሱ ባጃጅ አያስገባም፤ የእግር ነው።"
"የእግር ነው!" አለ አባዬ፣
ስሙን በትክክል እንደጠሩለት ሰው ደስ ብሎት፤
"የግራውን ግንብ እኔና ሙሳ ኤልሚ ነን የጠገንነው፤
ሲሚንቶው ጎድሎን፣ ሙሳ ከቤቱ አምጥቶ።"
ነጂብ በመስታወቱ አየው።
ከሒሳቡ አምስት ብር ቀነሰ፣ ምክንያቱን ሳይናገር።

ደቻቱ ደርቋል።
አሸዋው ላይ አንዲት ግመል የራሷን ጥላ ታሸታለች።
ወንዝ ይሉታል፣ ውሃ የለው፤
ሲመጣ ግን ማንም ሳይጠራው ነው የሚመጣ።
ግንቡ ላይ፣ ከራሴ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣
የዚያ ሌሊት ጎርፍ ያሰመረው ቡናማ መስመር አለ።
ከመስመሩ ሥር ሪሃና ሰምቡሳ ትጠብሳለች፤
ቀና ብላ አታየውም፤
ዘይቱን ነው የምታየው።

"አርባ አንድ" አለኝ አባዬ፣ ከዋሻው አፍ ቆሞ።
"ከዚህ አፍ እስከዚያ አፍ፣ አርባ አንድ እርምጃ።
ፋኖስ ይዤ ለካሁት፤ ፋኖሱ ጠፍቶብኝ ለካሁት፤
አርባ አንድ።"
ክንዴን ያዘ። ገባን።

አንድ። ሁለት።
ቅዝቃዜው ሙቀቱን ከላያችን ገፈፈው።
አሥራ ሰባት።
ተማሪዎች እየጮኹ አለፉን፤
ዋሻው የእያንዳንዳቸውን ጩኸት ለየባለቤቱ መለሰ።
ሠላሳ።
ከጣሪያው አንድ ጠብታ አንገቴ ላይ አረፈ።
አርባ።
አርባ አንድ።

ቆመ።
ብርሃኑ ገና እዚያ ነበር፣ ከፊታችን፣
እንደ አሥር ሳንቲም ትንሽና ክብ።
"አስረዘሙት እንዴ?" አለኝ።

መልሱን የያዝኩት ክንዱ ነግሮኛል፤
እጀታው ውስጥ አጥንቱ ብቻ ነበር።
"አድሰውት ይሆናል" አልኩ።
"ሳይነግሩኝ?" ተቆጣ።
"የመስመር ሥራ ሳይነገር አይነካም!"
ዋሻውም "አይነካም፣ አይነካም" ብሎ አገዘው።

ስልሳ ስምንት ላይ ፀሐይ መታን።
ከደረት ኪሱ ደብተር አወጣ፤ እርሳሱን በምላሱ አርሶ ጻፈ፦
ዋሻ፣ 68። ደብዳቤ አልደረሰኝም።
ከዚያ ጫማውን አየ፣ ረጅም ጊዜ።
እኔ ግመሏን አየሁ።

ስንመለስ እኔ ነበርኩ የምቆጥረው፣
ድምፅ ሳላሰማ፣ እግሬን በእግሩ ልክ እየጣልኩ።
ለእኔም ስልሳ ስምንት መጣ።
ሪሃና ሁለት ሰምቡሳ በጋዜጣ ጠቀለለችልን፤
አንዱን ለግንቡ ነው አለች፤ ሳይፈርስ ስለቆየላት።

ከዚራ፣ ሌላ ሚኒባስ፤ ገና ግማሽ ወንበር ባዶ ነው።
ቦርሳ ያቀፈ ወጣት ስልኩን ደጋግሞ ያያል፤
"ኧረ ሹፌር፣ መቼ ነው የምንሄደው?" ይላል።
ሹፌሩ አልሰማም። ረዳቱ ውጭ ነው፤ "አንድ ሰው!" ይላል።

"ሲሞላ ነው፣ ልጄ" አለ አባዬ፣
ኮቱን እያወለቀ።